የእናናዬ ሌላ ስም

የሺመቤት ጣሰውን ሪያድ ያለ አበሻ የሚያውቃት «ሲስተር የሺ» በሚለው ነበር። ሹመይሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በሴቶች ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ባሏ ቦጋለ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ ኢየሩሳሌም የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ በጊዜው የሚታደስ፣ ዓርብ ዓርብ በራሳቸው መኪና ወጣ ብለው የሚውሉ፣ ከሌላው የአገራቸው ሰው አንፃር ሲታዩ ደህና የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። የሺ ግን ከሥራ ስትመለስ በሯን ዘግታ የምትቀመጥ ዓይነት ሴት አልነበረችም። በሆስፒታሉ ኮሪደር አማርኛ የሚናገር ድምፅ ከሰማች ትቆማለች። መዳሟ፣ አሠሪዋ፣ ይዛት የመጣች የቤት ሠራተኛ ካየች «ከየት ነሽ እህቴ?» ሳትል አታልፍም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጠባይዋ ነው።

በፈረንጆቹ 2017፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ በምሕረቱ አገሩ ይግባ በተባለበት ሰሞን፣ አንዲት ልጅ በሳንባ ምች ተዳክማ እሷ ክፍል ተኛች። ፓስፖርቷ ሰሚራ አሕመድ፣ ዕድሜ ሠላሳ አንድ ይላል። የሺ ፊቷን አይታ፣ ይቺ ከሃያ አታልፍም አለች በልቧ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲልላት ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና፣

«ሲስተር፣ ሰሚራ እያልሽ አትጥሪኝ። ስሜ እሱ አይደለም» አለቻት።

«ታዲያ ማን ልበልሽ?»

«ነገ እነግርሻለሁ» ብላ ፈገግ አለች።

በማግሥቱ የሺ ተራዋን ልትረከብ ስትመጣ አልጋው አዲስ አንሶላ ተነጥፎበት ጠበቃት።

አስከሬኑ ሬሳ ክፍል አምስት ወር ቆየ። የሺ በምታውቀው ሰው ሁሉ አስጠየቀች፣ አገር ቤትም አስነገረች። ሰሚራ አሕመድ የምትባል ልጅ የጠፋችበት ቤት አልተገኘም። እንዴትስ ይገኛል? ስሙን ያወጣላት ደላላ ነው። ዕድሜዋ ላልደረሰ ልጅ ዕድሜ ይጨምርላታል፤ ቀደም ሲል ተባርራ የነበረችውን በሌላ ስም ይመልሳታል። ልጆቹ ከእናታቸው ቤት በአንድ ስም ይወጣሉ፣ ሪያድ በሌላ ስም ይገባሉ። ደህና ሆነው ሲሠሩ ማንም ልብ አይለውም። የሞቱ ዕለት ግን ሆስፒታሉም ፖሊሱም የሚያውቁት የደላላውን ስም ነው፤ እናትየው የምታውቀው ደግሞ ራሷ ያወጣችውን። ሁለቱን ስም አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

የሺ ያንን ሰው እሆናለሁ ብላ ተነሣች። ላፕቶፗ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ከፈተች፦ የፓስፖርት ስም፣ የቤት ስም፣ የአባት ስም፣ ወረዳና ቀበሌ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው፣ ሰውነት ላይ ያለ ምልክት። መጀመሪያ የመዘገበችው የምታክማቸውን ነበር። ቀጥሎ እነሱ ጓደኞቻቸውን ላኩ። «ለማንም አልሰጥም። ካልታመማችሁ ወይም ካልጠፋችሁ በስተቀር ፋይሉ አይከፈትም» ትላቸዋለች። ያምኗታል። ኢቃማዋን ለያዘው አሠሪ፣ ለከፊሉም፣ ለመዳሟም ለኤምባሲውም ያልነገረችውን ስሟን፣ አንዳንዷ እያለቀሰች፣ አንዳንዷ እየሳቀች ትነግራታለች።

በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፈቲያ መጣች። ሺፋ ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቤት የምትሠራ፣ የሐይቅ ከተማ አካባቢ ልጅ ናት። የፈላ ዘይት እጇ ላይ ተደፍቶ ነው ሆስፒታል የመጣችው። ፋሻ ሊቀየርላት በመጣች ቁጥር ከየሺ ጋር ይጫወታሉ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ የእጅ ጽሑፏ የሚያምር፣ ለነገር ፈጣን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን፣

«ሲስተር፣ እርስዎ ሆስፒታል የሚመጣውን ብቻ ነው የሚያገኙት። ከቤት የማይወጡትን እኔ አውቃቸዋለሁ። በየጣሪያው ልብስ ስናሰጣ እንነጋገራለን፤ በስልክም እንገናኛለን። ለምን እኔም አልጽፍም?» አለቻት።

የሺ ደስ አላት። ፋይሉን ክላውድ ላይ አስቀመጠችው፤ ማለትም የሁለቱም መሣሪያ በኢንተርኔት አማካይነት አንዱን ፋይል እንዲያይ አደረገች። ፈቲያ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ የሺ ላፕቶፗ ላይ ትጽፋለች፣ አንዷ የጻፈችው ለሌላዋ ይደርሳል። አንድ ችግር ብቻ ነበረባቸው። ፈቲያ ዋይፋይ የምታገኘው መዳሟ ስትፈቅድላት፣ ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ነው። እሷ ኢንተርኔት ሳይኖራት ትጽፋለች፤ የሺም በዚያው ሳምንት ትጽፋለች። ሐሙስ ዋይፋዩ ሲከፈት ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይገናኛሉ፣ ክላውዱም የትኛውን እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። እንዲህ ሲሆን አንዱን በቦታው ይተውና ሌላውን «የተጋጨ ቅጂ» ብሎ፣ የጻፈውን ሰው ስም ጨምሮ፣ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። የሺ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጂዎቹን ከዋናው ጋር እያስተያየች የጎደለውን ትሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጂዎቹ ሥራ የላቸውም፤ ግን አታጠፋቸውም፣ እዚያው ይከማቻሉ።

በ2020 መጀመሪያ ላይ ፋይሉ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በፋይሉ ምክንያት የዘጠኝ ሟቾች ቤተሰብ ተገኝቷል። የዘጠኙንም እናቶች የሺ ራሷ ደውላ ነው ያረዳቻቸው።

ከዚያ ኮሮና ገባ።

ሰው ከቤት አይውጣ ተባለ። የሺ ወደ ኮሮና ክፍል ተዛወረች፤ እንደ ጠፈርተኛ ተጠቅልላ ትውልና ቤቷ ስትገባ ለማውራት እንኳን አቅም የላትም። የኢየሩሳሌም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ትምህርቱ በኢንተርኔት ሆነ፣ በእናቷ ላፕቶፕ። ኢንተርኔቱ እየተንቀራፈፈ ልጅቷን ሲያስለቅሳት የሺ ላፕቶፑ ከክላውዱ ጋር መገናኘቱን ለጊዜው አቆመችው። «ትምህርቱ ሲያልቅ እከፍተዋለሁ» አለች። ላፕቶፑ ላይ እያረመችበት ያለው ፋይል ሙሉ ስለሆነ ምንም ስጋት አልነበራትም።

በዚያው ሰሞን፣ በኤፕሪል ወር፣ የፈቲያ ስልክ ከፎቅ ወድቆ ተሰበረ። ፈቲያ ሻንጣዋ ውስጥ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ነበራት። ቻርጅ አደረገችው፣ ተነሣ። ፋይሉንም ከፈተችና ሁለት አዳዲስ ሴቶችን ጻፈችበት። ልብ ያላለችው ነገር፣ ያ ስልክ ውስጥ የነበረው ፋይል ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የነበረው መሆኑን ነው። ሐሙስ ዋይፋይ ሲገባለት ስልኩ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ ሁለት ምርጫም ሰጣት። የመጀመሪያውን ተጫነች። ክላውዱ ላይ የነበረው ሙሉው ፋይል ወጥቶ አሮጌው በቦታው ገባ።

አሁንም ቢሆን ነገሩ አልጠፋም ነበር። ሙሉው ፋይል የሺ ላፕቶፕ ውስጥ አለ። ጁን ላይ ትምህርቱ አለቀ። የሺ በዕረፍት ቀኗ ክላውዱን መልሳ ከፈተችው። ክላውዱም አዲስ ያለውን የፈቲያን ፋይል በዋናው ስም አወረደና፣ የየሺን ሙሉ ፋይል «የተጋጨ ቅጂ — የሺመቤት» ብሎ ከሌሎቹ ቅጂዎች መካከል ደረደረው። ወዲያው ደግሞ ቦታ ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ፎልደሩን ብትከፍት ሠላሳ ሰባት የተጋጩ ቅጂዎች ተሰልፈዋል። ሁሉንም በየቅዳሜው አይታ የጨረሰቻቸው መሰሏት። አንድ ላይ መርጣ ሰረዘቻቸው። ማስጠንቀቂያው አልጠፋ ሲላት የተሰረዘው የሚቀመጥበትን ቅርጫትም ባዶ አደረገች። ዋናውን ፋይል ከፍታ አላየችውም። ቤት እንዳጸዳ ሰው ቀለል አላት፤ ሻይ ጠጥታ ተኛች።

ስልኩ የተደወለው በሴፕቴምበር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«ሲስተር የሺ ነዎት?»

«ነኝ፣ ማን ልበል?»

«ሙሀባው እባላለሁ፣ ከወረባቦ ነው የምደውል። የእናናዬ ሁሴን ወንድም ነኝ። አምስት ወር ሆነ ድምጿን ካጣን። መጨረሻ ስትደውል ከሠራሁበት ቤት ወጥቻለሁ ብላን ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ አንድ ነገር ብሆን ሲስተር የሺን ጠይቁ፣ ስሜ እሷ ዘንድ አለ ብላ ቁጥርዎን ሰጥታኛለች። ይኸው ጠየቅሁ።»

የሺ እናናዬን ወዲያው አስታወሰቻት። ከአንድ ዓመት በፊት የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሆስፒታል የመጣች፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ፣ ሳቂታ ሴት ናት። «ይኼን የፓስፖርት ስም እስክለምደው ድረስ ስጠራ አልሰማም ነበር። መዳሜ ደንቆሮ ያመጡልኝ መስሏት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ እኮ!» ብላ የክፍሉን ሰው ሁሉ አስቃ ነበር።

«አለች ወንድሜ፣ መዝግቤያታለሁ። አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለችና ላፕቶፗን ከፈተች።

እናናዬ ብላ ፈለገች፤ የለም። ሁሴን ብላ ፈለገች፤ ሦስት መጡ፣ የሷ አይደሉም። ወደ ታች ወረደች፤ ዝርዝሩ ቶሎ አለቀባት። መቶ ሃያ ላይ ይቆማል። ፋይል የተሳሳተች መስሏት ዘጋችና እንደገና ከፈተችው። መቶ ሃያ።

«ሲስተር፣ አሉ?»

«አለሁ… ወንድሜ፣ ላፕቶፑ አስቸገረኝ። ነገ እኔ እደውልልዎታለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አለ ሙሀባው። «እናታችን አጠገቤ ናት፤ ሰላም ብላዎታለች።»

የሺ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ያለው አንድም የለም። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ስሞች ግን እሷ የማታውቃቸው፣ ፈቲያ የጻፈቻቸው ናቸው። ደሟ ፈላ። ስልኳን አንሥታ ለፈቲያ የድምፅ መልእክት ላከችላት። በሕይወቷ እንደዚያ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም።

«ምን አደረግሽኝ ፈቲያ? የሰው ነፍስ እኮ ነው ያስያዝኩሽ! ሦስት መቶ ሰው አጠፋሽ! የማታውቂውን ነገር ለምን ትነካኪያለሽ? ይኼ ነገር ቢጣራ መልሱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም!»

የፈቲያ መልስ ሐሙስ ደረሰ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማት ነው የምታወራው። «ወላሂ ሲስተር፣ እኔ ሆን ብዬ አይደለም። ስልኬ ከፎቅ ወድቆ ተሰብሮብኝ በአሮጌው ስጽፍ ነው። ስልኩ ጠየቀኝ፣ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የመጀመሪያውን ተጫንኩ። ሁለት ስም ነው የጨመርኩት። ምንም አልሰረዝኩም። አፉ ይበሉኝ።» የሺ ሰማችው፣ አልመለሰችላትም።

ቦጋለ በሥራ አጋጣሚ ያወቀውን አንድ ልጅ ጠራላት። ረድዋን ይባላል፤ ሰናኢያ በሚገኝ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል የሚሠራ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሳሎን ተቀመጠና ከላፕቶፑ ጋር እስከ ዐሥር ሰዓት ዋለ። የቀረበለት ምሳ በረደ። በመጨረሻ ወንበሩን ወደ የሺ አዞረ።

«ሲስተር፣ ውሸት አልነግርሽም። ክላውዱ የድሮ ፋይሎችን የሚያቆየው ሠላሳ ቀን ነው። ካለፈ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ለድርጅቱ እጽፋለሁ፣ መልሱን ግን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።»

«ላፕቶፑ ላይስ? የተሰረዘ ነገር ይገኛል ይሉ የለ?»

«በድሮው ዓይነት ዲስክ ቢሆን ተስፋ ነበረው። ይኼኛው ግን ሰርዘው ያልሽውን ቦታ ራሱ እየዞረ ያጸዳዋል። ቁርጥራጭ አግኝቻለሁ፤ ፋይሉ ክፍት ሳለ በራሱ ያስቀመጣት አንዲት ጊዜያዊ ቅጂ። ከጠፉት ሠላሳ አንድ ስም አለባት።»

የሺ ሠላሳ አንዱን ስሞች አየች። እናናዬ የለችም።

«ይቺ ልጅ እኮ ናት ጉድ የሠራችኝ» አለች።

ረድዋን ስክሪኑን ወደሷ አዞረው። ክላውዱ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚይዝበት ዝርዝር ነው። አንዱ መስመር፣ ኤፕሪል 16፣ ፈቲያ ፋይሉን ተክታለች ይላል። ከሱ በላይ ያለው፣ ጁን 27፣ የሺመቤት፣ ሠላሳ ሰባት ፋይሎች ሰርዛለች። ከሱም በላይ፣ ጁን 27፣ የሺመቤት፣ ቅርጫቱን ባዶ አድርጋለች።

«ከሠላሳ ሰባቱ አንዱ ባንቺ ስም የተቀመጠ ነው፤ ይኼውና» አለ ረድዋን በጣቱ እያሳየ። «ሙሉው እሱ ነበር። ልጅቷ የተካችው እውነት ነው። ግን እስከ ጁን 27 ድረስ እዚህ ነበረ።»

የሺ መስመሩን ደጋግማ አነበበችው። ያን ቀን ሻይ ጠጥታ መተኛቷ ትዝ አላት። ቦጋለ ትከሻዋን ሊይዛት ሲል እጁን በቀስታ ከላይዋ አነሣችው።

ረድዋን ተነሥቶ እየወጣ ሳለ በሩ ላይ ቆመ። «ቆይ፣ ተሰበረ ያልሽኝ የልጅቷ ስልክ የት ነው? አሮጌውን አይደለም፣ የወደቀውን ማለቴ ነው። እስከ ኤፕሪል ድረስ በሱ ስትጽፍ ከነበረ ፋይሉ ውስጡ አለ እኮ። ስክሪኑ ይሰበር እንጂ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። አምጪልኝ፣ ገበያ ወስጄ አስከፍተዋለሁ።»

የሺ ያን ጊዜውኑ ደወለች። በዕድል ፈቲያ አነሣችው።

«ፈቲያዬ፣ ያ የተሰበረው ስልክሽ የት አለ?»

«የትኛው ሲስተር?»

«ከፎቅ የወደቀው!»

ከፈቲያ ኋላ የልጆች ጩኸት ይሰማል። «እሱማ… ጣልኩት።»

«መቼ?»

«መልእክትዎን በሰማሁ ቀን። ሲጣራ መልሱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ አሉኝ። ፖሊስ ቢመጣ፣ መዳሜም ብታይብኝ፣ የሰው ስም እጄ ላይ ቢገኝ ብዬ ፈራሁ። በመዶሻ ሰብሬ ከቆሻሻው ጋር አወጣሁት።» ቀጥላም፣ «ይፈለግ ነበር እንዴ?» አለች።

የሺ «አይ፣ ግድ የለም» አለቻት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም ብላ ልትነግራትም አስባ ነበር የደወለችው። ሳትነግራት ስልኩ ተዘጋ። በኋላ በጽሑፍ ላከችላት፤ ፈቲያ አንብባዋለች፣ አልመለሰችም። ኮንትራቷ በ2021 ሲያልቅ ኸሩጇን፣ የመውጫ ቪዛዋን፣ አሠርታ አገሯ ገባች። መግባቷን የሺ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

የክላውዱ ድርጅት መልስ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ረድዋን እንደገመተው ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ይላል መጨረሻው።

የሺ ከዚያ በኋላ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ለሴቶቹ በዋትስአፕ ላከች፤ ስማችሁ ጠፍቶብኛል፣ እባካችሁ እንደገና ላኩልኝ አለች። ሠላሳ ሁለት ሰዎች ላኩ። የብዙዎቹ ቁጥር ተቀይሯል። ደህና ሆነው ያገኘቻቸውም ፈሩ፤ «እኛ የሰጠነው ላንቺ ብቻ ነበር፣ ታዲያ ማን እጅ ገባ?» ይሏታል። ማንም እጅ አልገባም፣ ዝም ብሎ ጠፋ ነው እንጂ ብትላቸው አያምኗትም። እንዲህ እያለ፣ ፈቲያ የጨመረቻቸውን ሁለቱን ጨምሮ፣ ከአራት መቶ አሥራ አራቱ መቶ ሰማንያ ሦስቱ ብቻ ተመለሱ።

እናናዬን ደግሞ በየቦታው ፈለገቻት። ሆስፒታሉም፣ የሬሳ ክፍሉም፣ ወደ አገር የሚባረሩት የሚታሰሩበት ተርሂሉም የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፦ የፓስፖርት ስም። እሷን የጠፋት እሱው ነው። በ«ረ» የሚጀምር ይመስላታል። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ ደም ስትቀዳ ሳይቀር ስሞች ትሞክራለች፦ ረውዳ፣ ራሕማ፣ ሩቂያ፣ ረምላ። የመሰላትን እየጻፈች ትሰጣለች። አይገኝም። አንድ ሬሳ ክፍል ውስጥ ጠያቂ ያጡ ሁለት ኢትዮጵያውያት አሉ ተባለችና በስንት ልመና ገብታ አየች። ከፊታቸው በፊት ጆሯቸውን ነው ያየችው። ሁለቱም ሙሉ ጆሮ ነበራቸው። ከዚያ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን አታውቅም፤ የሁለቱም ስም ፋይሉ ውስጥ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ተርሂል ገብታ የወጣች አንዲት ሴትም እናናዬ እያለች በየክፍሉ ተጣርታላት ነበር። «ሲስተር፣ እዚያ ማንም በቤት ስሙ አይጠራም። ብትኖርም አትመልስ ይሆናል» አለቻት።

ሙሀባው በየሁለት ሳምንቱ ይደውል ነበር። በሦስተኛው ጥሪ የሺ እውነቱን ነገረችው፦ ተጽፎ ነበር፣ ሳላይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሙሀባው አልተቆጣም። ያ ይበልጥ ከበዳት። «ስሟ ትዝ ሲልዎት ይደውሉልና» ብሎ ዘጋ። ከዚያም ሲደውል የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ «ትዝ አለዎት?»

በማርች 2021 ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወለ። የሺ ከቦጋለና ከኢየሩሳሌም ጋር ምሳ በልተው ገና ከጠረጴዛው አልተነሡም።

«ሲስተር፣ ላስታውቅዎት ብዬ ነው» አለ። «እናታችን ታማለች። ልጄን ሳላለቅሳት አልሞትም አለችን። ሽማግሌዎቹም መክረው ትናንት ለቅሶ ተቀመጥን። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሶላቱን ሰግደንላታል።»

«ወንድሜ፣ መሞቷን እኮ አላወቅንም!» የሺ ሳታስበው ብድግ አለች። «ተርሂል ልትሆን ትችላለች። ሰው ቤት ተደብቃ ልትሆን ትችላለች። እባካችሁ ትንሽ ጠብቁ።»

«ስንት እንጠብቅ?»

የሺ ወደ ቦጋለ ዞር አለች።

«እኔም አላወቅሁም» አለ ሙሀባው። «እናቴ ግን ከዚህ በላይ መጠበቅ አቃታት። ብትመጣ አላህ ያውቃል፣ በደስታ እንቀበላታለን። እርስዎን ደግሞ አፉ ብለንዎታል። ከእንግዲህ አልደውልም፤ እያስጨነቅሁዎ ነው።»

«ይደውሉልኝ፣ ምንም አይደል…»

«ኸላስ ሲስተር። ይብቃዎት።»

ኢየሩሳሌም እናቷን እያየች «ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀቻት። የሺ ሳህኖቹን እየሰበሰበች «ሰው ሞቶባቸው ነው» አለች። እንዲህ ብላ ስትመልስ እሷም እናናዬን እንደቀበረቻት ተሰማት፤ ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ለብዙ ጊዜ ቆመች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ እነሙሀባው አገር ደረሰ። የሺ ዜናውን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ደወለች። መስመር የለም። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ተከፈተ ሲባል እንደገና ደወለች፤ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። በጥር አንድ የማታውቀው ሰው አንሥቶ፣ ይኼን ስልክ ከገዛሁት ሳምንቴ ነው፣ ሙሀባው የሚባል አላውቅም አላት። እናትየዋ ትኑር ትሙት የምትጠይቀው ሰው አጣች።

በ2022 የቦጋለ ኮንትራት አልታደሰም፤ ዕቃቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ለመግባት ተዘጋጁ። ረድዋን ሊሰናበታቸው መጣ። መቶ ሰማንያ ሦስቱን ስሞች በሦስት ቦታ ማስቀመጡን፣ አንዱን በወረቀት አትሞ መያዙን ነገራት። «ሲስተር፣ ለምን እንደገና አንጀምረውም? አንቺ ከዚያ ሆነሽ፣ እኔ ከዚህ። አሁን እንዴት እንደሚያዝ አውቀናል።»

«አንተ ቀጥል» አለችው። «እኔን ግን ተወኝ። አንዲት ሴት ስሟን ስትነግረኝ ቀና ብዬ ላያት አልችልም።»

ረድዋን ጥቂት ወራት ሞከረ። ሴቶቹ ለማያውቁት ወንድ ስማቸውን አልሰጡም፤ ነገሩም ቀረ። የሺ አሁን ገርጂ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ ትሠራለች። ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ በየጠዋቱ አለ፤ ከደሴ ወረባቦ ሩቅ አይደለም። ቦጋለ አብሬሽ ልሂድ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል። ሁለቱንም ጊዜ «እዚያ ሄጄ ምን ልላቸው?» አለችው፤ እሱም ሦስተኛ አልጠየቃትም።